የአንድ ዓመት የዓለም ታሪክ እንዴት ይጻፋል? እ.ኤ.አ. 525ን ይዘን ደረጃ በደረጃ

የአክሱሙ ንጉሥ ካሌብ ቀይ ባሕርን ተሻግሮ በዛሬዋ የመን የነበረውን የሂምያርን መንግሥት የወጋው መቼ ነው ሲሉን «በ525» እንላለን። ካሌብ ራሱ ግን ይህን ቁጥር ሰምቶት አያውቅም። መርከቦቹን የላኩለት ነጋዴዎችም፣ ሊወጋው የሄደው የሂምያር ንጉሥም፣ በቁስጥንጥንያ ዙፋን ላይ የነበረው ዮስጢኖስም አያውቁትም። ዓመቱን 525 ብሎ እንደጻፈው የምናውቀው አንድ ሰው ብቻ ነው፤ ሮም ውስጥ ይኖር የነበረ ድዮናስዮስ የሚባል መነኩሴ። ሌላው ዓለም ሁሉ ዓመቱን በየራሱ ቋንቋና በየራሱ ቁጥር ይጠራው ነበር።

የአንድ ዓመት ታሪክ መጻፍ ስትጀምሩ መጀመሪያ የሚገጥማችሁ ይህ ነው። ብዙ ሰው ሥራውን የሚጀምረው ክስተቶችን በመልቀም ነው፤ ከዚያም መጋቢትና ሚያዝያው፣ የእኛና የፈረንጁ ዘመን ይደበላለቅበታል። እኔም ተማሪ ሳለሁ ለግድግዳ መጽሔት ስለ ካሌብ ስጽፍ «በ525 ዓ.ም.» ብዬ አውጥቼው ነበር። አንድ አዛውንት የቅኔ መምህር አነበቡትና «ልጄ፣ በእኛ ነው በእነሱ?» አሉኝ። መልስ አልነበረኝም። ይህ መመሪያ የእሳቸውን ጥያቄ ከመጀመሪያው ለመመለስ የተጻፈ ነው።

የሚያስፈልጋችሁ ጥቂት ነው፤ አንድ ደብተር፣ በመዳፍ ልክ የተቆረጡ ሃምሳ ያህል ወረቀቶች፣ ሦስት ፖስታዎች፣ እና ቸኩሎ ያለመጻፍ ትዕግሥት።

ደረጃ 1፦ ዓመቱን ምረጡ፣ ለምን እንደመረጣችሁትም ጻፉ

ዓመት ሲመረጥ ቢያንስ አንድ ክስተት በሁለት ወይም በሦስት አገር ምስክር ያለው መሆን አለበት። ይህ ከሌለ የምትጽፉት የተበታተነ ዝርዝር ነው የሚሆነው። 525ን የመረጥኩት የካሌብ ዘመቻ በግሪክኛ፣ በሱርስጥ (በሶርያ ክርስቲያኖች ቋንቋ)፣ በግዕዝና በደቡብ ዓረብ የድንጋይ ጽሑፎች ስለሚገኝ ነው። ከዚህ ሌላ ዛሬ ዓለም የሚቆጥርበት የዘመን ቀመር ሮም ላይ የተጻፈው በዚያው ዓመት ነው። አንድ ወገን ጦር ሲያዘምት ሌላው ወገን የጊዜን ስም እየለወጠ ነበር፤ ሁለቱ ግን አይተዋወቁም።

በደብተሩ የመጀመሪያ ገጽ ላይ ምክንያታችሁን በሁለት መስመር ጻፉት። በኋላ ክስተቶች ሲበዙባችሁ የትኛውን እንደምታስቀሩ የሚነግራችሁ ይህ ገጽ ነው።

ደረጃ 2፦ ዓመቱን በየባለቤቱ አቆጣጠር አስቀምጡ

ሳትቸኩሉ ልትሠሩት የሚገባው ደረጃ ይህ ነው። በሁለተኛው ገጽ ላይ ዓመቱን በእያንዳንዱ ሕዝብ ስም ጻፉ።

ከእኛ ጀምሩ። እ.ኤ.አ. 525 ከጥር እስከ ነሐሴ መጨረሻ በኢትዮጵያ 517 ነው፤ ከዚያ በኋላ ያለው 518 ነው። እዚህ ላይ ብዙ ሰው የሚወድቅበት ጉድጓድ አለ። ዛሬ መስከረም 1 በፈረንጅ ሴፕቴምበር 11 ቢውልም በዚያ ዘመን እንዲህ አልነበረም። ሮማውያን የሚቆጥሩት በዩልዮስ ቀመር ስለነበር መስከረም 1 የሚውለው ኦገስት 29 ላይ ነበር። የዛሬውን የ13 ቀን ልዩነት ይዛችሁ ወደ 6ኛው መቶ ዓመት ብትሄዱ ቀናችሁ ሁሉ ይዛነፋል። ሚያዝያ 1 ማርች 27 ላይ፣ ግንቦት 1 ኤፕሪል 26 ላይ ይውል እንደነበር በገጹ ጠርዝ ላይ በቀይ ጻፉት።

የእስክንድርያ ሰዎች ዓመቱን ከዲዮቅልጥያኖስ ንግሥና፣ ማለትም ከ284፣ ጀምረው ይቆጥሩት ነበር። እኛ ዓመተ ሰማዕታት የምንለው ነው፤ እስከ ነሐሴ ድረስ 241 ነበር። የሶርያ ሰዎች በዓመተ እስክንድር 836 ይሉታል፤ ዓመታቸው የሚጀምረው በኦክቶበር ነውና ከጃንዋሪ እስከ ሴፕቴምበር ላለው 311፣ ለቀረው 312 ቀንሱ። የሮም መንግሥት በቆንስሎቹ ስም ይጠራዋል፤ የዚያን ዓመት ቆንስሎች ፕሮቡስና ፊሎክሴኑስ ነበሩ። በደቡብ ቻይና የሊያንግ መንግሥት «ፑቶንግ 6ኛ ዓመት» ይለዋል። በሰሜን ደግሞ የዌይ መንግሥት ዓመቱን «ዠንግጓንግ 6ኛ» ብሎ ጀምሮ ሳይጨርስ ስሙን ለውጦ «ሽያዎቻንግ 1ኛ» አለው። የዘመን ስም በዓመቱ አጋማሽ ሲለወጥ ካያችሁ ቤተ መንግሥቱ ውስጥ አንድ ነገር ሆኗል ማለት ነው፤ ምን እንደሆነ እንደርስበታለን።

አሁን ገጹን የሚያስተሳስር አንድ ቋሚ ቀን ያስፈልጋል። ለክርስቲያኑ ዓለም ከትንሣኤ የተሻለ ቋሚ ቀን የለም፤ ለእኛ ደግሞ መሣሪያው በእጃችን ነው። የበዓላትና የአጽዋማት ማውጫ ቀመር የሆነውን ባሕረ ሐሳብ አውጡና አስሉት።

517 ላይ 5500 ሲደመር ዓመተ ዓለሙ 6017 ነው። ለ4 ሲካፈል 1504 ደርሶ 1 ይተርፋል፤ ዘመኑ ዘመነ ማቴዎስ ነው። 6017 እና መጠነ ራብዒቱ 1504 ሲደመሩ 7521፣ ለ7 ሲካፈል 3 ይተርፋል፤ 1 ማክሰኞ፣ 2 ረቡዕ፣ 3 ሐሙስ ነውና መስከረም 1 ሐሙስ ዋለ። 6017 ለ19 ሲካፈል 13 ይተርፋል፤ አንዱ ተትቶ ወንበሩ 12 ነው። 12 በ11 ሲባዛ 132፣ በ30 ሲገደፍ (30 እየተቀነሰ የቀረው ሲያዝ) አበቅቴው 12። 12 በ19 ሲባዛ 228፣ በ30 ሲገደፍ መጥቅዑ 18። አበቅቴና መጥቅዕ ተደምረው 30 ከሆኑ አልተሳሳታችሁም። መጥቅዑ ከ14 ስለሚበልጥ በዓለ መጥቅዕ መስከረም 18 ይውላል፤ ዕለቱ እሑድ ነው። የእሑድ ተውሳክ (የሚጨመረው ቁጥር) 7፣ ከ18 ጋር ሲደመር መባጃ ሐመሩ 25። ስለዚህ ጾመ ነነዌ ጥር 25 ሰኞ ገባ። የትንሣኤ ተውሳክ 9 ነው፤ 25 እና 9 ተደምረው 34፣ በ30 ሲገደፍ 4። ትንሣኤ ሚያዝያ 4 ሆነ። የጰራቅሊጦስ ተውሳክ 28 ነው፤ 53 በ30 ሲገደፍ ግንቦት 23።

ሚያዝያ 4 በዩልዮስ ቀመር ማርች 30 ነው። ድዮናስዮስም ሮም ላይ ተቀምጦ የእስክንድርያን ስሌት ተከትሎ ሲሠራ ያን ዓመት የደረሰው እዚሁ ቀን ላይ ነው። በየደብራችን ሲሰላ የኖረው ቀመርና የእሱ ሰንጠረዥ ከአንድ ምንጭ የተቀዱ ናቸው። ይህን ስሌት በራሴ እጅ ሠርቼ ማርች 30 ላይ ስደርስ የተሰማኝን ደስታ አልረሳውም፤ እናንተም ከመጽሐፍ ከመገልበጥ ይልቅ አስሉት።

ታዲያ ሁለቱ ከአንድ ምንጭ ከቀዱ የእኛና የፈረንጁ ዓመት በ7 እና በ8 የሚለያየው ለምንድን ነው? ትንሣኤውን በማውጣት ይስማማሉ፤ የተለያዩት የጌታ ልደት የትኛው ዓመት ላይ ነው በሚለው ነው። የእኛ አቆጣጠር በ5ኛው መቶ ዓመት መጀመሪያ የነበረውን የእስክንድርያውን መነኩሴ አንያኖስን ይከተላል። ድዮናስዮስ ደግሞ የክርስቲያኖች አሳዳጅ የነበረውን የዲዮቅልጥያኖስን ስም በትንሣኤ ሰንጠረዥ ላይ ማቆየት አልፈልግም ብሎ ከክርስቶስ ልደት መቁጠር መረጠ፤ ልደቱንም በራሱ ስሌት አስቀመጠው። አዲሱ ሰንጠረዡ ከ532 ይጀምራል። ቁጥሩ በአውሮፓ እስኪለመድ ድረስ ብዙ ትውልድ አልፏል።

ደረጃ 3፦ ለዋናው ክስተት ምስክሮችን በቅርበታቸው ደርድሩ

አሁን ወረቀቶቹን አውጡ። በአንድ ወረቀት ላይ አንድ ምስክር፣ አንድ ነገር፣ አንድ ቀን ብቻ ይጻፍ። ቀኑን በምስክሩ አቆጣጠር እንዳለ ጻፉ፤ ወደ እኛ የመለሳችሁትን ከሥሩ አስቀምጡ። የመጀመሪያውን አትፋቁ።

ለካሌብ ዘመቻ ከሁሉም ቅርብ የሆነው ምስክር የጠላቱ ድንጋይ ነው። የሂምያር ንጉሥ ዩሱፍ፣ ዓረቦች ዙ ኑዋስ፣ የግዕዝ መጻሕፍት ፊንሐስ የሚሉት፣ የአይሁድን እምነት የያዘ ንጉሥ ነበር። የጦር አለቃው ሸራሕኢል በደቡብ ዓረብ ባለችው በናግራን ከተማ አቅራቢያ ባሉ ቋጥኞች ላይ በ633 ዓመተ ሂምያር ድሉን አስቀረጸ። በዋና ከተማዋ በዘፋር የነበሩ ሐበሾች መገደላቸውን፣ ቤተ ክርስቲያን መቃጠሉን፣ በመንደብ (ባብ ኤል መንደብ) ወሽመጥ በኩል ሐበሻ እንዳይመጣ መከላከያ መሠራቱን በኩራት ይናገራል። የሚገርመኝ ነገር እዚህ ላይ ነው፦ የገዳዩ ጽሑፍና የተገዳዩ ወገን ገድል በዋናው ነገር ይስማማሉ። በታሪክ ሥራ ውስጥ እንዲህ ያለ ስምምነት ሲገኝ እንደ ወርቅ ያዙት።

ቀጥሎ የሚመጣው ደብዳቤ ነው። የቤት አርሻሙ ጳጳስ ስምዖን በ835 ዓመተ እስክንድር፣ በጃንዋሪ 20፣ ከሒራ ተነሥቶ ወደ ዓረቡ ንጉሥ ወደ ሙንዚር ሰፈር እንደሄደና ስለ ናግራን ክርስቲያኖች መገደል የሰማውን በሱርስጥ ጽፏል። 835 ሲቀነስ 311፣ 524 ነው። ግድያው የተፈጸመው ከዚያ በፊት በነበረው ኖቬምበር፣ በ523 ነው። የእኛ ስንክሳርም የናግራን ሰማዕታትን ኅዳር 26 ያስባቸዋል።

ሦስተኛው ምስክር ነጋዴው ኮስማስ ነው። በዮስጢኖስ ንግሥና መጀመሪያ ላይ አዱሊስ ደርሶ ነበር፤ ካሌብ በሂምያር ላይ ሊዘምት ይዘጋጅ እንደነበር ይናገራል። የአዱሊስ ገዥ አስባስ በንጉሡ ትእዛዝ በዙፋን ድንጋይ ላይ የተጻፈውን ግሪክኛ እንዲገለብጥለት ጠይቆት ገልብጦለታል። ድንጋዩ ዛሬ የለም፤ የምናነበው እሱ የገለበጠውን ነው።

አራተኛው የናግራኑ አለቃ የኂሩት ገድል ነው። በግሪክኛው እንደተጻፈው ንጉሡ ዮስጢኖስ ለእስክንድርያው ፓትርያርክ ለጢሞቴዎስ፣ ጢሞቴዎስም ለካሌብ ጽፎ እንዲዘምት አሳሰቡት፤ መርከቦቹም ከጰራቅሊጦስ በኋላ ተነሡ። ገድል የእምነት መጽሐፍ ነው፤ ለማጽናናት የተጻፈ ነው። ሆኖም የወደብ ስምና የመርከብ ቁጥር በዚህ ዝርዝር ሲሰጥ ከወደቡ መዝገብ የተቀዳ ይመስላል። በደረጃ 2 ያሰላችሁት ጰራቅሊጦስ አሁን ይጠቅማችኋል፤ ግንቦት 23፣ 517።

ደረጃ 4፦ ቀን ሲያከራክር ክስተቱን ሳይሆን መቁጠሪያውን ፈትሹ

በየመን ደቡብ የባሕር ዳርቻ፣ ሑስን አልጉራብ በሚባል ቋጥኝ ላይ ሌላ ጽሑፍ አለ። ሱምያፋዕ አሽዋዕ የተባለ ሹምና ልጆቹ ምሽጉን እንዳደሱ ይገልጻል፤ ሐበሾች ወደ ሂምያር ዘምተው ንጉሡን ከገደሉ በኋላ መሆኑንም ይጨምራል። ዓመቱ 640 ነው። የቀደሙት ተመራማሪዎች ዓመተ ሂምያር ከክርስቶስ ልደት በፊት በ115 ይጀምራል ብለው ስለያዙ 640 ሲቀነስ 115፣ 525 ሆነ። እጅግ የተመቸ ነበር፤ ዘመቻውና ድንጋዩ በአንድ ዓመት ላይ ገጠሙ።

ነገር ግን በዚያው ስሌት የናግራኑን 633 ስታዩት 518 ይሆናል። ስምዖን ደግሞ በ524 መጀመሪያ ላይ ዜናውን ትኩስ አድርጎ ነው የሚጽፈው። አምስት ዓመት ተርፎ ተንጠለጠለ። መነሻው 110 ነው ስትሉ ግን 633 ወደ 523 ይመጣል፤ ከደብዳቤው ጋር ይገጥማል። 640ም ወደ 530 ገደማ ይሄዳል፤ የምሽጉ እድሳት ከዘመቻው ብዙ ቆይቶ ተሠራ ማለት ነው። ዛሬ አብዛኛው ተመራማሪ የሚይዘው ይህን ነው።

ለእናንተ የሚኖረው ትርጉም ይህ ነው፦ የሑስን አልጉራብን ድንጋይ ከ525 ወረቀቶች መካከል አውጡት። ዘመቻውን ይመሰክራል፣ ዓመቱን ግን አይመሰክርም። አሁንም በብዙ ጽሑፍ ላይ «525» እየተባለ ከስሙ ጋር ይታተማል፤ እናንተ አትድገሙት።

ደረጃ 5፦ ቁጥርን ከተናጋሪው አትለዩት

የኂሩት ገድል የመርከቦቹን ዝርዝር እንዲህ ይሰጣል፦ ከአይላ 15፣ ከክሊስማ 20፣ ከዮታቤ ደሴት 7፣ ከቤሬኒቄ 2፣ ከፈረሳን 7፣ ከሕንድ 9። ደምሯቸው፤ 60 ይሆናሉ። ካሌብ ራሱ ያሠራቸው 10 ሲጨመሩ 70። አይላ የዛሬዋ አቃባ፣ ክሊስማ በስዊዝ አጠገብ ናት። የተሰበሰቡትም ገበዛ በሚባለው የአዱሊስ ወደብ ነው። ዝርዝሩን በካርታ ላይ በጣታችሁ ተከተሉት፤ የቀይ ባሕር ንግድ በሙሉ በአንድ ወደብ ቆሞ ይታያችኋል። ከሁሉም ይልቅ ሰሜን ያሉት የሮም ወደቦች ብዙ መርከብ መላካቸው ጦርነቱ የሁለት ጎረቤቶች ጠብ ብቻ እንዳልነበረ ያሳያል።

የሸራሕኢል ድንጋዮች ደግሞ የገደሏቸውን ሰዎች ከ12 ሺህ እስከ 14 ሺህ ያደርሳሉ፤ ቁጥሩ ከድንጋይ ድንጋይ ይለያያል። አንዱን መርጣችሁ «14 ሺህ ሰው ተገደለ» ብላችሁ አትጻፉ። «አለቃው ይህን ያህል ገደልሁ ብሎ አስቀርጿል» በሉ። እነዚህ ሰዎች ናቸው፤ በአሸናፊው ፉከራ ብቻ ሊቆጠሩ አይገባም።

የመንደብ ሰንሰለት የሚባለውንም እንዲሁ። ድንጋዩ ላይ ሰንሰለት የሚል ቃል አለ፤ በኋላ ባሕሩን በብረት ሰንሰለት ዘጋው የሚል ትረካ ተስፋፋ። ወሽመጡ ወደ 30 ኪሎ ሜትር ይሰፋል። በእኔ ግምት የምሽግ ሰንሰለት ወይም የመርከብ መጠጊያውን የሚዘጋ መሰናክል ነው፤ ስትጽፉም ግምትን ግምት በሉት።

ደረጃ 6፦ አሁን ከአገራችሁ ውጡ

የዋናው ክስተት ወረቀቶች የሚገቡበት የመጀመሪያው ፖስታ ሲሞላ ሁለተኛውን ክፈቱ። መመዘኛው አንድ ነው፤ ቀኑ በራሱ ምንጭ 525 ላይ የጸና መሆን አለበት።

ካርታጎ፣ ሰሜን አፍሪካ። የቫንዳሎቹ ንጉሥ ሂልደሪክ በ523 ሲነግሥ ለዓመታት የተሳደዱት ጳጳሳት ተመለሱ። ፌብሩዋሪ 5፣ 525 በቦኒፋስዮስ መሪነት ጉባኤ ተቀመጡ፤ በእኛ የካቲት 11፣ 517። ጉባኤው ስለ ጳጳሳት ሥልጣንና ስለ ገዳማት መብት ተከራከረ።

ኤዴሳ። የንጉሥ አብጋር ከተማ፣ በዛሬዋ ደቡብ ምሥራቅ ቱርክ። በዚያው ዓመት በኤፕሪል፣ በ836 ዓመተ እስክንድር፣ ከተማዋን የሚያቋርጠው የዳይሳን ወንዝ በሌሊት ሞልቶ ግንቡን ጥሶ ገባ። ትንሣኤ ካለፈ ሳምንታት ብቻ ነበሩ። የዘመኑ ታሪክ ጸሐፊ ፕሮኮፒየስ ከነዋሪው ሲሶው አለቀ ይላል። ዮስጢኖስ ከተማዋን መልሶ ሠርቶ በራሱ ስም ዮስጢኖጶሊስ አሰኛት፤ ሕዝቡ ግን የድሮ ስሟን አልተወም። እዚህ ላይ የሚታየውን አስተውሉ፤ ዮስጢኖስ በአንድ የጸደይ ወቅት በአንድ እጁ የቀይ ባሕር መርከቦችን ጉዳይ፣ በሌላው የሰመጠች ከተማን ይዟል።

ራቬና፣ ኢጣልያ። የጎቶቹ ንጉሥ ቴዎዶሪክ አርጅቶ መጠርጠር አብዝቷል። ታላቁ ሊቅ ቦኤትዮስ በዚህ ጥርጣሬ ታስሮ ተገደለ፤ አማቹ ሲማኮስም ተከተለው። ይህ ግን ወደ ሦስተኛው ፖስታ የሚገባ ነው፤ ምክንያቱን ቀጥሎ እነግራችኋለሁ።

ሉዎያንግ፣ ሰሜን ቻይና። የዘመን ስሙ ለምን በዓመቱ አጋማሽ እንደተለወጠ እዚህ ይፈታል። እቴጌ ሁ የሕፃኑ ንጉሥ እናት ነበረች፤ በ520 የገዛ እህቷ ባል ዩዋን ቻ ከሥልጣን አውርዶ ግቢ ውስጥ ዘጋባት። በ525 በ4ኛው የጨረቃ ወር፣ በእኛ በግንቦትና በሰኔ መጀመሪያ መካከል፣ ዩዋን ቻን አውርዳ ተመለሰች። የካሌብ መርከቦች ሲነሡ እሷ ዙፋኑ አጠገብ እየተቀመጠች ነበር። አገሪቱ ግን ከ523 ጀምሮ በድንበር ጦር ሰፈሮች ዓመፅ እየተናጠች ስለነበር መመለሷ ሰላም አላመጣም። በዚያው ዓመት የደቡቡ የሊያንግ ንጉሥ ልጅ ሽያዎ ዞንግ ጦር ይዞ ከዘመተበት ግንባር ላይ አባቱን ትቶ ወደ ሰሜኑ ጠላት ገባ።

ደረጃ 7፦ ሦስተኛው ፖስታ፣ «ገደማ»

በዚህ ፖስታ ውስጥ መጻሕፍት 525 የሚሏቸው ነገር ግን ዓመታቸው ያልጸና ነገሮች ይገባሉ። በኋላ ዮስጢኖስን የተካው የዮስጢንያኖስና የቴዎዶራ ጋብቻ አንዱ ነው፤ ጋብቻውን ትቃወም የነበረችው የዮስጢኖስ ሚስት እቴጌ ኤውፌምያ ከሞተች በኋላ መሆኑ ይታወቃል፣ 525 ግን ግምት ነው። የቦኤትዮስ ሞት 524 የሚሉ፣ ከዚያ የሚያዘገዩም አሉ። የሲማኮስ ሞት በ525 እና በ526 መካከል ይዋልላል። የሮሙ ሊቀ ጳጳሳት ዮሐንስ በቴዎዶሪክ ትእዛዝ ወደ ቁስጥንጥንያ የተነሣው በ525 መጨረሻ ወይም በ526 መጀመሪያ ነው፤ የ526ን ትንሣኤ ግን፣ ኤፕሪል 19፣ እዚያ ማክበሩ የጸና ነው።

እነዚህን አትጣሏቸው፤ በጽሑፋችሁ «ገደማ» ብላችሁ አስገቧቸው። አንባቢ «ገደማ» የምትለዋን ቃል ይንቃታል ብላችሁ አትፍሩ። ከምትጽፏቸው ቃላት ሁሉ ይበልጥ የሚታመነው እሱ ነው።

ከዓመቱ ውጭ የወደቀውን ደግሞ ምንም ቢያጓጓ አውጡት። የአንጾኪያ ታላቅ የመሬት መንቀጥቀጥ ሜይ 526 ነው። ለ525 ጽሑፍ ጥሩ መዝጊያ ይሆን ነበር፤ ግን የእሱ አይደለም።

ደረጃ 8፦ በወር ቅደም ተከተል ስፉት

አሁን ወረቀቶቹን ወለል ላይ ዘርጉ። በአገር አትከፋፍሏቸው፤ በወር ደርድሩ። በአገር ከከፋፈላችሁ የአምስት አገር ታሪክ ይሆናል፤ በወር ስትደረድሩ ነው አንድ ዓመት የሚሆነው። ቀን የጸናለት ክስተት ምሰሶ ይሁን፤ ወር ብቻ የታወቀለት በምሰሶዎች መካከል ይግባ። ለካሌብ ግን የተነሣበትን እንጂ ዘፋርን የያዘበትንና ንጉሡ የወደቀበትን ቀን አትስጡ፤ «ከጰራቅሊጦስ በኋላ በነበሩት ወራት» ይበቃል። ከድሉ በኋላ ሱምያፋዕን እንዳነገሠ፣ በኋላም አብርሃ እንደተካው የሚቀጥሉት ዓመታት ታሪክ ነው፤ በአንድ ዐረፍተ ነገር ጠቁማችሁ እለፉት።

እኔ ስሰፋው የመጨረሻው ወረቀት የመጣው ካላሰብኩት ቦታ ነው፤ ከኮርያ። በ1971 በጎንግጁ ከተማ በጥንታዊ መቃብሮች አጠገብ የውኃ መውረጃ ሲቆፈር አንድም እጅ ያልነካው የጡብ መቃብር ተገኘ። በመግቢያው የድንጋይ አውሬ ቆሟል፤ ከፊቱ ሁለት የተጻፈባቸው ጠፍጣፋ ድንጋዮች ተኝተዋል። ጽሑፉ የባለ መቃብሩን ስም ይናገራል፤ የቤክጄ ንጉሥ ሙርዮንግ፣ በ62 ዓመቱ በ523 በ5ኛው ወር በ7ኛው ቀን የሞተ። የተቀበረው ግን ያኔ አይደለም። ከሁለት ዓመት በላይ ለቅሶና ዝግጅት ሲደረግለት ቆይቶ መቃብሩ ውስጥ የገባው በ525፣ በ8ኛው የጨረቃ ወር በ12ኛው ቀን ነው።

ያን ቀን ወደ እኛ ስመልሰው መስከረም አጋማሽ 518 ላይ ወደቀ። በአክሱም አዲሱ ዓመት ገብቷል፤ ማቴዎስ አልፎ ዘመነ ማርቆስ ሆኗል። ስለዚህ የመጨረሻው አንቀጼ እንዲህ ይነበባል፦

«በመስከረም አጋማሽ፣ በቤክጄ ምድር፣ ሙርዮንግን ወደ መቃብሩ አስገቡት። ቦታው የምድር አማልክት ስለሆነ በ10 ሺህ ሳንቲም ከእነሱ ተገዛ፤ የግዢውም ውል በሁለተኛው ድንጋይ ላይ ተቀረጸ። ከዚያም መካከላቸው የተበሱ የቻይና የብረት ሳንቲሞች በድንጋዩ ላይ አኖሩ፣ በሩንም በጡብ ደፈኑት።»